የድሬዳዋ አፈር፦ እርሳሱና ዘይቱ በዓመታት ውስጥ ተለወጠ ወይስ የተለወጠው ልኬቱ ነው?

ደቻቱ_ዳር፦

ሰላም ለቤቱ። ከ1998ቱ ጎርፍ በፊት የተሠራ አንድ የአፈር ምርመራ ሪፖርት አለን። ዘንድሮ እነዚያው ቦታዎች ላይ እንደገና ናሙና ተወስዶ ሁለቱ ውጤቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አልገጥም አሉ።

የድሮው አሠራር፦ ከ0 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ተነፍቶ፣ በአኳ ሬጂያ (የአሲድ ድብልቅ) ሟሙቶ በኤኤኤስ (በብርሃን መምጠጥ ብረትን የሚለካ መሣሪያ) የተነበበ። ዘይቱ በኢንፍራሬድ። የዘንድሮው፦ ከ0 እስከ 5 ሳንቲ፣ በእጅ በሚያዝ ኤክስአርኤፍ (በኤክስሬይ ንጥረ ነገሮችን የሚለካ መሣሪያ)። ዘይቱ ደግሞ በጂሲ (ጋዝ ክሮማቶግራፍ)፣ ከካርቦን 10 እስከ ካርቦን 40፣ ማለትም ሰንሰለታቸው ከ10 እስከ 40 ካርቦን ያላቸው።

ያገኘነው ይህ ነው። ደቻቱ ወንዝ ዳር ባለው ሜዳ እርሳስ በግማሽ ያህል ወርዷል፣ ዚንክም እንደዚሁ። ከዚራ ሰፈር ውስጥ መንገድ ዳር ግን እርሳስ ሦስት እጥፍ ሆኗል። ቤንዚን ውስጥ እርሳስ መጨመር ከቀረ ስንት ዓመቱ፣ ታዲያ ከየት መጣ? ክሮሚየም በሁሉም ቦታ ጨምሯል፤ ለማነጻጸሪያ ብለን ከከተማው በላይ በመረጥነው ኮረብታ ላይ ሳይቀር። ዘይቱ ጋራዦቹ አካባቢ በጣም ቀንሷል፤ ከጫት ተራው ጎን ባለው ባዶ ቦታ ግን፣ መኪና በማይቆምበት፣ ጨምሯል።

እውነተኛውን ለውጥ ከዚህ ውስጥ ማውጣት ይቻላል? ወይስ የድሮውን ሪፖርት ትተን ከዜሮ እንጀምር?


ላብ_ወንበር፦

የድሮውን አትጣለው። ከክሮሚየሙ ልጀምር፣ ፍንጩ ያለው እዚያ ነውና። ማንም ምንም ባልደፋበት ኮረብታ ላይ ክሮሚየም ከጨመረ የተለወጠው አፈሩ አይደለም። አኳ ሬጂያ (ሦስት እጅ ሃይድሮክሎሪክ፣ አንድ እጅ ናይትሪክ) ምንም ኃይለኛ ቢሆን እንደ ሲሊኬትና ክሮማይት ያሉ ጠንካራ ማዕድናትን አያፈርስም። እነሱ ውስጥ የታሰረው ክሮሚየም ሳይሟሟ ማጣሪያ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፤ እንደ አፈሩ ዓይነት ግማሽ ያህሉ ሊቀር ይችላል። ኤክስአርኤፍ ደግሞ የታሰረውንም ያልታሰረውንም ደርቦ ይቆጥራል። በዚያ ላይ በእጅ የሚያዘው መሣሪያ ክሮሚየምን በዝቅተኛ መጠን ሲለካ ደካማ ነው። ስለዚህ የክሮሚየሙን "ጭማሪ" ለጊዜው ከሠንጠረዡ አውጣው።

እርሳስ፣ ዚንክና መዳብ ከዚህ ይሻላሉ። ሰው ያመጣው ብክለት አብዛኛውን ጊዜ ማዕድን ውስጥ ስላልታሰረ አኳ ሬጂያ ብዙውን ያወጣዋል። ቢሆንም ድልድይ ሥራለት፦ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ንባብ የተሰራጩ ቢያንስ 15 ናሙናዎች መርጠህ እነዚያኑ በአኳ ሬጂያ አስለካና ሁለቱን በመስመር አያይዛቸው። ነጥቦቹ መስመሩ ላይ ካልተቀመጡ መጀመሪያ እርጥበቱን ጠርጥር። አፈሩ ከ20 በመቶ በላይ ውሃ ከያዘ ኤክስአርኤፍ ዝቅ አድርጎ ያነባል። ጥላ ውስጥ አድርቀህ፣ ፈጭተህ፣ ነፍተህ አንብብ፤ መሬት ላይ ደፍተህ የምታነበው ለቅኝት ብቻ ነው። አርሴኒክ ታየ ካለህም ቶሎ አትደንግጥ። የእርሳስና የአርሴኒክ ዋና የኤክስሬይ መስመሮች 10.5 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ላይ ስለሚደራረቡ እርሳስ የበዛበት አፈር አርሴኒክ ያለበት ሊመስል ይችላል።

አሁን የከዚራው መንገድ። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች እርሳስ ያለው ቤንዚን እ.ኤ.አ. እስከ 2005 መጨረሻ ቆሟል፤ ይህ ትክክል ነው። መሬት ላይ ያረፈው ግን የትም አልሄደም። የእኛ አፈር ከኖራ ድንጋይ ጋር የተያያዘ፣ ካርቦኔት የሞላበት፣ ፒኤቹ ወደ 8 የሚጠጋ ነው። እንዲህ ባለ አፈር እርሳስ ወደ ካርቦኔት ተለውጦ እዚያው ላይኛው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይቆያል። ዝናቡም ቢሆን አጥቦ ወደ ታች ለማውረድ አቅም የለውም። ስለዚህ ጥልቀቱን አስላ። ለምሳሌ ላይኛው 5 ሳንቲ 200 ሚሊግራም በኪሎ ቢኖረው፣ ከሱ ሥር ያለው 15 ሳንቲ ደግሞ የተፈጥሮው 20 ብቻ ቢሆን፣ እስከ 20 ሳንቲ ቆፍሮ የቀላቀለው ሰው የሚያገኘው 65 ነው። አንተ ላይኛውን ብቻ ስትወስድ 200 ታገኛለህ። ይኸው ሦስት እጥፍህ! አንድ ግራም እርሳስ ሳይጨመር።

መውጫው ሁለቱንም ወደ ካሬ ሜትር መመለስ ነው። ከ0 እስከ 5፣ ከ5 እስከ 10፣ ከ10 እስከ 20 ለየብቻ ውሰድ፤ የአፈሩን እፍጋት በቀለበት ለካ፤ ከዚያ አባዛ። እፍጋቱ በኩብ ሳንቲ ሜትር 1.3 ግራም ከሆነ የ5 ሳንቲ ንብርብር በካሬ ሜትር 65 ኪሎ ይመዝናል። በ200 ሲባዛ 13 ግራም እርሳስ ማለት ነው። ሥር ያለው 195 ኪሎ ደግሞ በ20 ሲባዛ 3.9 ግራም ይጨምራል። ከድሮው ጋር መወዳደር ያለበት ይህ በድምሩ ወደ 17 ግራም የሚጠጋው ነው፤ በኪሎ የተጻፈው ብቻውን አይበቃም።

ከሁሉም በላይ ግን፣ የድሮዎቹ ናሙናዎች የሆነ መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው ከሆነ ፈልጋቸው። በወረቀት ከረጢትም ቢሆን ደርቀው ከተቀመጡ እርሳስ፣ ዚንክ፣ መዳብና ክሮሚየም አይጠፉም። በዘንድሮው መሣሪያ፣ በአንድ ቀን፣ ድሮና ዘንድሮን አከታትለህ አንብባቸው። ይህ ከማንኛውም ስሌት ይበልጣል። ለዘይት ግን አይሠራም፤ ቀላሉ ክፍል ተንኗል፣ ቀሪውንም ከመድረቁ በፊት ተሕዋስያን ነክተውታል።


ደለል_አንባቢ፦

የደቻቱውን ሜዳ እኔ ልያዝ። በዚያ ቦታ "እርሳስ ቀነሰ" ከማለትህ በፊት እግርህ ሥር ያለው አፈር የድሮው አፈር መሆኑን አረጋግጥ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ውሃው የሚመጣው ላይ ደጋው ሲዘንብ ነው፤ ሲመጣም ደለሉን ይዞ ነው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ የመጣው ጎርፍ አንዳንዱን ዳር ቆርጦ ወስዷል፣ አንዳንዱ ላይ አሸዋ ከምሯል። ከዚያ ወዲህ የመጡትም ትንንሾቹ እንደዚያው ናቸው። የሃያ ዓመት በፊቱ ወለል ዛሬ ግማሽ ሜትር ታች ተቀብሮ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ጭራሽ ተጠርጎ ከከተማው በታች ሜዳው ላይ ተበትኖ። በሁለቱም መንገድ ላይኛው 5 ሳንቲ ላይ ዝቅ ያለ ቁጥር ታገኛለህ። እርሳሱና ዚንኩ ግን አልጠፉም።

የመጀመሪያው ፈተና የቅንጣት መጠን ነው። ብረቶች የሚጣበቁት ደቃቁ ላይ ነው፣ በተለይ ከ63 ማይክሮን በታች ባለው። አዲሱ ንብርብር አሸዋማ ከሆነ ብቻውን ግማሽ ሊያደርግልህ ይችላል። ይህን ለማረም እርሳሱን ከደቃቁ ጋር አብሮ ከሚሄድ ንጥረ ነገር ጋር አካፍል። መጽሐፍ ላይ አሉሚኒየም ይመከራል፣ ግን በእጅ የሚያዘው ኤክስአርኤፍ ቀላል ንጥረ ነገሮችን አየር ውስጥ በደንብ አያይም። ሩቢዲየም ይሻልሃል። ዚርኮኒየምን ተወው፣ እሱ አሸዋው ጋር ስለሚሄድ ተቃራኒውን ያሳይሃል። የድሮው ሪፖርት ሩቢዲየም አይኖረውም፤ ብረት (አይረን) ካለው በሱ አስላው። ለምሳሌ ድሮ እርሳስ 80፣ አይረን 5 በመቶ፤ አሁን እርሳስ 40፣ አይረን 2.5 በመቶ ቢሆን፣ ሁለቱም ሲካፈሉ 16 ይመጣሉ። ለውጥ የለም፤ አሸዋ ነው የገባው። ይህን ስሌት ግን አሮጌው የምድር ባቡር ግቢ አጠገብ እንዳትጠቀምበት። የፍሬን ጫማና የሐዲድ ፍቅፋቂ ስላለ አይረኑ ራሱ ብክለት ነው፣ አካፋዩ ከተበከለ ውጤቱ ንጹሕ መስሎ ይወጣል።

ሁለተኛው ፈተና ጉድጓድ ነው። ከዳሩ 1 ሜትር የሚሆን ግድግዳ አስቆፍርና በሜትር ሳይሆን በንብርብር ናሙና ውሰድ። አሸዋ፣ ጭቃ፣ አሸዋ እየተባለ የሚሄደውን ለየብቻ፣ ከታች ወደ ላይ። ከላይ ከጀመርክ እየፈረሰ የታችኛውን ያበላሽብሃል። ዕድሜውን ለመገመት ሲዚየም 137 (ከኑክሌር ሙከራዎች የዘነበ ጨረር አመንጪ) የሚል ምክር ሊመጣልህ ይችላል፤ በእንዲህ ያለ አንዴ እየቆረጠ አንዴ እየከመረ በሚሄድ ወንዝ ዳር ገንዘብህን አትጨርስ። ፌስታል ተመልከት። ቀጭን ፌስታልና የፕላስቲክ ክዳን ያለበት ንብርብር የቅርብ ጊዜ ነው። ከሥሩ ፕላስቲክ የሌለው፣ ከሰልና ሸክላ ብቻ ያለው ደቃቅ ጭቃ ካገኘህ የድሮው ወለል ወደዚያ ይጠጋል። እርሳሱ እዚያ ንብርብር ላይ ከፍ ብሎ ከተገኘ መልስህን አገኘህ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማነጻጸሪያህ አንድ ኮረብታ ብቻ ከሆነ ትንሽ ነው። ደቻቱ የሚያመጣው የኖራ ድንጋይም የአሸዋ ድንጋይም ከዚያ በላይ ያለው ጥንታዊ ዓለትም ድብልቅ ነው። ከከተማው በላይ ከወንዙ አልጋ ራሱ ሁለት ሦስት ቦታ ደቃቁን ውሰድ። የዓለም አማካይ የሚባለውን የእርሳስ 27 ሚሊግራም አምጥቶ እዚህ መለጠፍ ልማድ ሆኗል፤ የሚረባ ነገር አይደለም።


ጎሚስታ_ፊት፦

ወደ ዘይቱ። የእነ እርሳስ ጉዳይ የመቆየት ጉዳይ ነው፤ ዘይት ግን በእውነት ይለወጣል፣ ችግሩ ሁሉም እኩል አለመለወጡ ነው። ቤንዚን በእኛ ሙቀት ከላይ ከፈሰሰ በቀናትና በሳምንታት ይተናል። ናፍጣ ወራትና ጥቂት ዓመታት ይፈልጋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደግሞ መጀመሪያ ፈጠን ብሎ ይቀንሳል፣ ከዚያ ቀሪው ድርቅ ብሎ ዓመታት ይቆያል። ሙቀቱ ለተሕዋስያን ምቹ ነው፣ የጎደለው ውሃው ነው። ከዓመቱ ውስጥ የሚሠሩት እርጥበት ባለባቸው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፣ በቀረው ጊዜ ዘይቱ ፀሐይ ላይ ወደ አስፋልትነት ይጠጋል።

የኢንፍራሬዱን ከጂሲው ጋር በቀጥታ ማወዳደር አይቻልም። ኢንፍራሬድ የካርቦንና የሃይድሮጅን ትስስርን ሁሉ ይቆጥራል፤ ከካርቦን 40 በላይ ያለውን ቅጥራንና አስፋልትም ጭምር። ጂሲህ 40 ላይ ይቆማል። ስለዚህ ጋራዦቹ ጋ ከታየው መቀነስ አንዱ ክፍል የመሣሪያ ነው። ድምር ቁጥሩን ትተህ ከላቦራቶሪው ሥዕሉን፣ ክሮማቶግራሙን ጠይቅ። በክፍያ ያሠራኸው ስለሆነ ሊከለክሉህ አይገባም።

ሥዕሉ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድረው የቆሙ ጫፎች ከካርቦን 10 እስከ 24 ካየህ ያልተበላ ናፍጣ ነው፣ ማለትም የቅርብ ጊዜ ፍሳሽ። ጥርሶቹ ጠፍተው ከካርቦን 20 በኋላ አንድ ትልቅ ጉብታ ብቻ ከቀረ ያረጀ የሞተር ዘይት ነው። በመሃል ላለው የካርቦን 17ን ጫፍ ከፕሪስቴን፣ የካርቦን 18ን ከፋይቴን ጋር አካፍል፤ ፕሪስቴንና ፋይቴን ቅርንጫፍ ያላቸው ሰንሰለቶች ናቸው። ተሕዋስያን ቀጥ ያሉትን ሰንሰለቶች ቀድመው ስለሚበሉ ውጤቱ እያነሰ ይሄዳል። ትነት ብቻ ከሆነ ግን ጥንዶቹ እኩል ስለሚተኑ ብዙም አይነካውም። ድምሩ ቢቀንስም ጥርሶቹ ካሉ እዚያ ጋራዥ ዛሬም ናፍጣ ይደፋል ማለት ነው፣ ይህ ደግሞ ከድምሩ የበለጠ ጠቃሚ ዜና ነው።

የጫት ተራው ነገር ዘይት ላይሆን ይችላል። ገራባ (የተጣለ የጫት ቅጠል) ነው። ቅጠል ሰም አለው፤ ሰሙ ውስጥ ያሉት ሰንሰለቶች በካርቦን 27፣ 29፣ 31፣ 33 ላይ ይወድቃሉ፣ ከካርቦን 10 እስከ 40 ሲደመር እንደ ዘይት ይቆጠራሉ። ናሙናው በፍሎሪሲል (ማጣሪያ ዱቄት) ተጣርቷል ቢሉህም አይበቃም፤ ፍሎሪሲል የሚያስቀረው ዋልታ ያላቸውን፣ እነ አረንጓዴውንና የስብ አሲዱን ነው። የሰሙ ሰንሰለቶች ከነዳጁ ጋር አብረው ያልፋሉ። የካርቦን ብዛታቸው ጎደሎ ቁጥር የሆኑትን ጫፎች ሙሉ ቁጥር ከሆኑት ጋር አካፍል። ነዳጅ ወደ 1 ይጠጋል፤ ቅጠል ብዙ ጊዜ ከ5 በላይ ይሆናል። የከብት እበት ያለበት ቦታም ተመሳሳይ ነው፣ ቀፊራ ገበያ አካባቢ ናሙና ካለህ እሱንም ፈትሽ።

በመጨረሻ፣ ዚንኩን ሁሉ በሞተር ዘይት አታሳብ። ዘይት ውስጥ የሚጨመረው ዚንክ በኪሎ ዘይት 1 ግራም ገደማ ነው። አፈሩ 5 በመቶ ዘይት ቢጠጣ እንኳ በኪሎ አፈር የሚጨምረው 50 ሚሊግራም ዚንክ ነው። ከዚያ በላይ ብዙ መቶ ካገኘህ የጎማ ዱቄትና የቆርቆሮ ጣሪያ ጠብታ ፈልግ። እርሳስ ደግሞ ከሆነ የተሰበረ ባትሪ። አንድ ኪሎ የባትሪ እርሳስ 100 ካሬ ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ውስጥ ቢበተን በኪሎ አፈር 77 ሚሊግራም ያህል ይጨምራል፤ አንድ ተራ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ደግሞ ከአንድ ኪሎ ብዙ ይበልጣል።


ደቻቱ_ዳር፦

አቦ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የድሮዎቹ ናሙናዎች ካርቶን ውስጥ አሉ፣ ከነመለያ ቁጥራቸው፤ ለብረቱ በእነሱ እንሄዳለን። የጂሲውንም ሥዕል እናስመጣለን።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ። ከቦታዎቹ አንዱ ጋራዥ ነበር፣ አሁን ተነሥቶ ግቢው ለመኖሪያ ሊውል ነው። ዘይት የጠጣው አፈር ተጠርጎ ሲከመር 10 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል፣ የዘይቱ መጠን በኪሎ 10,000 ሚሊግራም ገደማ። በማዳበሪያ ማከም ይቻላል ይባላል። እንዴት ነው የሚሰላው? ውሃስ?


ላብ_ወንበር፦

ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ እርሳሱን ለካ። ይህን ቅደም ተከተል የሚገለብጡ ብዙዎች ናቸው። ዘይቱን ለማከም አፈሩ በየሳምንቱ ይገለበጣል፤ ባትሪ የተሰበረበት አፈር ከሆነ በድሬ ንፋስ እርሳሱን ለሰፈሩ ማከፋፈል ነው። በዚያ ላይ ዘይቱ ሲያልቅ የተጋገረው አፈር ይፈርሳል፣ ቀድሞ ተጣብቆ የነበረው እርሳስ አቧራ ይሆናል። ዘይቱ ብቻ ተለክቶ "ጸድቷል" የተባለ ግቢ ከበፊቱ የባሰ ሊሆን የሚችለው በዚህ ነው።

ለንጽጽር ያህል፣ በኔዘርላንድስ ጣልቃ መግባት ግድ የሚልበት ገደብ እርሳስ 530፣ ማዕድን ዘይት 5,000 ሚሊግራም በኪሎ ነው። አሜሪካኖቹ ለመኖሪያ ግቢ እርሳስ 400 ይሉ የነበረውን እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 200 አውርደውታል። ልጆች የሚጫወቱበት ከሆነ 200ውን ያዝ። ለዚህ ስትለካም በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ሳይሆን በ150 ማይክሮን ነፍተህ ለካ፤ የልጅ እጅ ላይ የሚጣበቀው ያ ነው። ካርቦኔት ውስጥ ያለው እርሳስ ለተክል ሥር አስቸጋሪ ቢሆንም ጨጓራ አሲድ ውስጥ ሲገባ በቀላሉ ይሟሟል። "አፈራችን ኖራማ ስለሆነ እርሳሱ አይንቀሳቀስም" የሚለው ለከርሰ ምድር ውሃ እውነት ነው፣ ለልጅ ሆድ ግን አይደለም።

እርሳሱ ዝቅተኛ ከሆነ ስሌቱ ይህ ነው። 10 ሜትር ኩብ በ1.3 እፍጋት 13,000 ኪሎ አፈር ነው። በኪሎ 10,000 ሚሊግራም ማለት በድምሩ 130 ኪሎ ዘይት። ከዚህ 85 በመቶው ካርቦን ነው፣ 110 ኪሎ። የካርቦን፣ የናይትሮጅንና የፎስፈረስ ምጥጥን 100፡10፡1 ከወሰድን 11 ኪሎ ናይትሮጅንና 1.1 ኪሎ ፎስፈረስ ያስፈልጋል። ኤንፒኤስ ማዳበሪያ 19 በመቶ ናይትሮጅንና 38 በመቶ የፎስፈረስ ኦክሳይድ አለው፤ ወደ ንጹሕ ፎስፈረስ ሲመለስ 16.6 በመቶ ነው። ስለዚህ 6.6 ኪሎ ኤንፒኤስ ፎስፈረሱን ይሸፍናል፣ 1.25 ኪሎ ናይትሮጅንም ይሰጣል። ቀሪውን 46 በመቶ ናይትሮጅን ያለው ዩሪያ ይሞላዋል፣ ወደ 21 ኪሎ።

21ዱን ኪሎ በአንድ ቀን የደፋው ሰው ሥራውን ገደለው። አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ 12 በመቶ ቢሆን 1,560 ሊትር ነው። ናይትሮጅኑ በሊትር ውሃ ከ2 ግራም ገደማ ሲያልፍ ጨውነቱ ተሕዋስያኑን ያዳክማቸዋል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ የሚችሉት 3 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ነው። መጀመሪያ 6.6 ኪሎ ኤንፒኤስ ከ4 ኪሎ ዩሪያ ጋር፤ ከዚያ የቀረውን 17 ኪሎ ዩሪያ አራት ቦታ ከፍለህ በየሦስት አራት ሳምንቱ። ዩሪያውን ላዩ ላይ በትነህ አትሂድ። ፒኤቹ 8 በሆነና በሞቀ አፈር ላይ ወደ አሞኒያ ተለውጦ ይተናል፣ ሽታው ይነግርሃል። ውሃ ውስጥ አሟሙተህ አጠጣውና ወዲያው ገልብጠው።

ክምሩን ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ውፍረት ዘርጋው፣ ከሥሩ ወፍራም ፕላስቲክ፣ ዙሪያውን እርከን። እርጥበቱ በእጅ ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ ውሃ ግን የማያንጠባጥብ ይሁን። በየሳምንቱ ገልብጥ፣ መልሰህ በሸራ ሸፍን፤ ካልሸፈንክ ፀሐዩ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። አሮጌ ዘይት የጠጣ አፈር ውሃ አይቀበልም፦ ጠብታ ጣል አድርግበት፣ ከአንድ ደቂቃ በላይ እንደ ዶቃ ላዩ ላይ ከቆየ አጠጣሁ ያልከው ውሃ ሁሉ ጎን ለጎን ወርዶ ሄዷል ማለት ነው። በደንብ የበሰለ ፍግ አንድ እጅ ለአሥር እጅ አፈር ቀላቅል፤ ያን ጊዜ ይይዛል። ደረቅ ሆኖ አትገልብጥ።


ደለል_አንባቢ፦

ፍግ ከቀላቀለ በኋላ ግን ጎሚስታ_ፊት ያለችው ነገር ይመጣል፤ የቅጠል ሰሙ ዘይት ሆኖ ይቆጠርና "ሕክምናው ዘይቱን ጨመረው" ይባላል። ፍጉ ከገባ በኋላ፣ ማዳበሪያው ከመጀመሩ በፊት የተወሰደው ናሙና መነሻ ይሁን። ማዳበሪያ የማይገባበት ትንሽ ክምርም ለብቻው ተይዞ እኩል ውሃ ይጠጣ፣ እኩል ይገልበጥ። ያለ እሱ የቀነሰው በማዳበሪያው ይሁን በመናፈሱ አይታወቅም።

እርሳሱ ከፍ ብሎ ከተገኘስ? አንዳንዱ የአጥንት ዱቄት ወይም ፎስፌት ይመክራል።


ላብ_ወንበር፦

አሲዳማ አፈር ላይ ይሠራል፣ እርሳሱ ሟሙቶ ከፎስፌት ጋር ወደ ፓይሮሞርፋይት (በቀላሉ የማይሟሟ የእርሳስ ማዕድን) ይቀየራልና። እዚህ ግን ካልሲየሙ ፎስፌቱን ቀድሞ ይይዘዋል፣ እርሳሱም ከካርቦኔቱ ለመውጣት ይዘገያል። በፒኤች 8 ላይ እሱን ተማምኜ ልጅ አላጫውትበትም። ርካሹና አስተማማኙ መሸፈን ነው፦ አፈሩ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ ወይም ጨርቅ ዘርጋ፣ በላዩ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ንጹሕ አፈር፣ ጠጠር ወይም ንጣፍ። ጆንያው ለምልክት ነው፤ ከዓመታት በኋላ የሚቆፍር ሰው እዚያ ሲደርስ ያቆመዋል። ሽፋን የሚሆነውን አፈር ከደቻቱ አልጋ ከመጫንህ በፊት እሱንም አንብበው። ከከተማው በታች ያለው ንጹሕ ነው ብለህ አትገምት፣ ከላይ አምጣ።


ደቻቱ_ዳር፦

ገባኝ። ለዘይቱ ናሙና ማስቀመጫ በሃይላንድ ማድረግ ይቻላል? ላቦራቶሪው ሩቅ ነው።


ጎሚስታ_ፊት፦

አይቻልም። ፕላስቲኩ ዘይቱን ይስባል፣ ከራሱም የሚለቀው ነገር ጂሲው ላይ ጫፍ ሆኖ ይታያል። ሰፊ አፍ ያለው የብርጭቆ ማሰሮ፣ ክዳኑ ውስጥ አሉሚኒየም ፎይል፣ እስከ አፉ ሞልተህ አየር ሳይቀር። በበረዶ ሳጥን 4 ዲግሪ አካባቢ አቆይ፣ በ14 ቀን ውስጥ ላቦራቶሪው ዘይቱን ከአፈሩ ያውጣው። ለብረቱ የሚወሰደው ግን በንጹሕ ፌስታል ይሂድ፣ ችግር የለውም። አካፋው ብቻ ዚንክ የተቀባ አይሁን፤ ስቴንለስ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ። ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ስትሄድ እጠበው። የጋራዡን ናሙና መጨረሻ ላይ ውሰድ፣ ከኮረብታው ጀምር።